እትዬ አይከፈትም እና የሃያ ስምንት ሰው ሩዝ

በየቤተሰቡ አንድ የተዘጋ ነገር ፊት ቆሞ «አይከፈትም» የሚል ሰው አለ። የአንዳንዱ ቤት ሰው ሳሎን ይዘጋል፤ እንግዳ ካልመጣ በቀር ሶፋው ላይ ማንም አይቀመጥም። የአንዳንዱ ቤት ሰው ቁም ሳጥን ይዘጋል፤ ውስጡ ያሉት ሰሃኖች ከተገዙ ጀምሮ ምግብ አይተው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ቤተሰብ የለውም ወይ ያ ሰው ራሱ ነው።

የእኛ ቤት ዘጊ አክስቴ ናቸው። የሚዘጉት ሩዝ ነው።

ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት የትሪው ባለቤት፣ የኦቭኑ በር ጠባቂ፣ የወሩ መጨረሻ እሁድ ምሳ የበላይ አዛዥ ነው። ሰፈሩ ግን ይህን ሁሉ ለመጥራት ጊዜ ስለሌለው «እትዬ አይከፈትም» ይላቸዋል። የሚላቸው ከጀርባቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ያውቃሉ። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ወረፋ ይዘው ሁለት ሴቶች ከኋላቸው «እትዬ አይከፈትም እኮ ናቸው» ሲባባሉ ሰሙና፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ «አቤት» አሉ።

አክስቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበሰሉት ለበሽተኛ፣ ለአስታማሚና ለሐኪም ስለሆነ፣ ጥቂት ማብሰል የሚባለውን ነገር አያውቁም። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሩዝ ጠረጴዛ ላይ ቢያዩ የፈሰሰ መስሏቸው ይጠርጉታል። ሲሰናበቱ አለቆቻቸው ባለ ማኅተም የምስጋና ወረቀት አዘጋጅተውላቸው ነበር። «ወረቀቱ ይቆያችሁና ትሪውን ስጡኝ» አሉ። ሰጧቸው።

ትሪ የምለው ሻይ የሚቀርብበትን አይደለም። ሕፃን ልጅ ገላውን ሊታጠብበት የሚችል፣ ጥልቅ፣ ጥቁር፣ ባዶውን እንኳ ለሁለት የሚያሸክም የኦቭን ትሪ ነው። በሁለቱ ጎኖቹ ወፋፍራም እጀታዎች ወጥተውለታል። እነዚህን እጀታዎች ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ይሠሩኛል።

የሩዙ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሩዙ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል። ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፣ የተከተፈ ካሮት ይጨመራል፣ ሩዙ እዚያው ላይ ትንሽ ይታመስና ትሪው ላይ ይዘረጋል። መለኪያው እጀታው የተሰበረ ነጭ ኩባያ ነው፤ አንድ ኩባያ ሩዝ ለአራት ሰው። እኛ ሃያ ስምንት ነን፤ ሰባት ኩባያ። ውኃው የፈላ መሆን አለበት፤ ለአንዱ ኩባያ ሩዝ አንድ ተኩል። ጨው ይነሰነሳል። ከዚያ ትሪው በፎይል ይሸፈናል፤ ጠርዙ ዙሪያውን በአውራ ጣት እየተጫነ ይታሸጋል። ወደ ኦቭን ይገባል። በሩ ይዘጋል።

አይከፈትም።

ልጆች ሳለን ይህ ቃል ከየትኛውም የትምህርት ቤት ደንብ የበለጠ ያስፈራን ነበር። ሩዙ ኦቭን ውስጥ እያለ ወጥ ቤት መቆምም ክልክል ነው። «ውጡ» ይላሉ፣ ሁላችንንም በፎጣ እየነዱ። «ሩዝ ሰው ሲያየው ያፍራል።» በሩን ዘግተው ብቻቸውን ይቀራሉ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመን የምንሰማው የማንቆርቆሪያ ፉጨት ብቻ ነው። ምንድን ነው የተጣደው ብለን ስንጠይቅ «ሻይ ነዋ» የሚል መልስ ከውስጥ ይመጣል። ሻዩ ግን ወጥቶ አያውቅም። በዚያ ቤት እሁድ እሁድ ስንት ዓመት ሻይ ሲፈላ ኖሮ አንድም ሰው አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ አያውቅም፤ እኛም ለምን ብለን አናውቅም። የአዋቂ ሥራ ነው ብለን አለፍነው።

ሩዙ ሲወጣ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ነው። አይጣበቅም፣ አይደርቅም፣ አይድቦለቦልም። ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ቡናማ ሆኖ ቀርሸም የሚል አለ፤ እሱን አክስቴ ራሳቸው እየመረጡ ለሚወዱት ሰው ያወጣሉ። እኔ ሰሃን ላይ ወርዶ አያውቅም።

ሰፈርተኛው ይህን ሩዝ ለመሥራት ያልሞከረው ነገር የለም። አክስቴ ስስታም አይደሉም፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ኩባያውን፣ ውኃውን፣ ጨውን፣ ፎይሉን አንድ በአንድ ይነግራሉ። የማንም ሩዝ ግን እንደ እሳቸው ሆኖ አያውቅም። ጎረቤታችን ነርሷ፣ የሰው የልብ ምት በሰዓት የምትቆጥር ሰው፣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስድስት ጊዜ ከስራ አክስቴ ዘንድ መጥታለች።

«እትዬ፣ ልክ እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት። ጠርዙ ደረቀ፣ መሀሉ ጥሬ ሆነ።»

«ከፍተሽዋል።»

«በልጆቼ፣ አልከፈትኩም።»

አክስቴ ትክ ብለው አዩአት። «በልብሽ ከፍተሽዋል» አሏት።

ነርሷ የእውነት የበደለች ሰው መስላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የአክስቴ ትምህርት ከሩዝም አልፎ ሄዷል። የመንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ድሮ የምድጃውን በር በየአምስት ደቂቃው እየከፈተ የሚያይ ሰው ነበር። አክስቴ ይህን ባዩ ቀን «ዳቦህን ብርድ እያስመታኸው ነው» አሉት። ጋጋሪው አንድ ወር ተከራከረ፤ ሃያ ዓመት የጋገረ ሰው ነውና ክብሩ ተነካ። ከዚያ ማንም ሳያየው አንድ ሳምንት ሳይከፍት ሞከረ። ዳቦው አበጠ። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ከእሳቸው ይብስ አጥባቂ። ደንበኛ «ደርሷል?» ብሎ ወደ ምድጃው ቢጠጋ በዳቦ ማውጫው ረጅም እንጨት ያግደዋል።

እንዲህ ሆኖ በሰላም ሲኖር፣ ጠበቃው ተነሣ።

ጠበቃው የአክስቴ አንድያ ልጅ ነው። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል፤ ሲናገር ግን ከሁላችንም ያረጀ ነው። እናቱን አጥብቆ ስለሚወድ እረፍት ሊፈርድባቸው ወሰነ።

«እማዬ፣ ለሃያ ስምንት ሰው መቆም ይብቃሽ። ወገብሽ አልቻለም።»

«ወገቤ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ?»

«ምስክር ሆኖ ነው የቀረበው። ትናንት ወንበር ይዘሽ ስትነሺ አይቼሻለሁ።»

«ወንበሩን ላነሣው ፈልጌ ነው።»

ክርክሩ ሦስት እሁድ ፈጀ። መጨረሻ ላይ ጠበቃው ስምምነት አቀረበ። የአሮጌው ኦቭን በር በሽቦ ታስሮ ነው የሚዘጋው፤ አዲስ ይገዛላቸዋል። በአዲሱ ሳይቸገሩ ከሠሩ ምሳው እንዳለ ይቀጥላል። በአዲሱም ከተቸገሩ ግን ክርክር የለም፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቤተሰቡ ምግብ ቤት ይበላል።

«ተስማምቻለሁ» አሉ አክስቴ፣ ልክ ችሎት ላይ እንዳለ ሰው ቆመው።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ከአንድ ሰው በላይ ድምፅ የሚሰማው በወር አንድ ቀን ነው። ቅዳሜውን ሲያጥቡና ሲከትፉ ይውላሉ፣ እሁድን ያዝዛሉ፣ ሰኞና ማክሰኞን ማን ምን እንዳለ እያስታወሱ ይስቃሉ። ምግብ ቤት ከሄድን እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ወንበር ስበው ተቀምጠው «ጨው አቀብሉኝ» የሚሉ አንዲት ሴትዮ ይሆናሉ ማለት ነው።

ጠበቃው የትሪውን ልክ ወስጄ እንድነግረው አዘዘኝ። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን መጽሐፍ ሳነብ አድሬ ዓይኔ አልተገለጠም ነበር። ሜትሩን ከትሪው ግድግዳ እስከ ትሪው ግድግዳ ዘረጋሁ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ሰጠሁት። እጀታዎቹን አልቆጠርኳቸውም።

ኦቭኑ ዓርብ መጣ። በሩ መስታወት ነው፤ ቀይ መብራት አለው፤ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ያመጡት ሰዎች አሮጌውን በዚያው ተሸክመውት ሄዱ። ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን።

እሁድ ጠዋት ወንበር ለማስገባት ቀደም ብዬ ደረስኩ። አክስቴ ከወጥ ቤት በር አንገታቸውን ብቻ አውጥተው «ና እስኪ ወዲህ» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጉት።

ትሪው ሩዙን፣ ካሮቱንና ሽንኩርቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኦቭኑ አፉን ከፍቷል። እጀታዎቹ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋሉ።

«በአግድም ቢሆንስ?» አልኩ።

«በአግድምም አየሁት።»

«በትንንሽ ትሪ ብንከፍለው?»

«ትንንሽ ትሪ የት አይተህልኝ ታውቃለህ?»

እውነት ነው፤ በዚያ ቤት ትንሽ የሚባል ዕቃ የለም።

«ማን ነው የለካው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እጀታዎቹን ምን አደረግካቸው?»

«ረሳኋቸው።»

«ስታነብ አድረህ ነው?»

«አዎ።»

«የምን መጽሐፍ?»

«የመርከብ ጉዞ ነው።»

«መርከቡ ወደቡ ይገባል?»

«ገና አልደረስኩበትም።»

«ይሄኛው አይገባም» አሉና ወንበር ላይ ተቀመጡ። አክስቴ በእሁድ ጠዋት ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የተናደዱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ትሪው ላይ ጣል አድርገው የመስታወቱን በር ብቻ ያያሉ። ልጃቸው ከምሳ በፊት ይመጣል፤ ይህን ያያል፤ በፍቅር ትከሻቸውን አቅፎ «በቃ እማዬ» ይላል። በቃ ማለት ደግሞ በቃ ነው።

 ከዚያ ብድግ አሉ።

«ዳቦ ቤት» አሉ።

የማዕዘኑ ጋጋሪ እሁድ የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ሲጨርስ ምድጃው ገና ትኩስ ነው። ከጓሮ በር እስከዚያ ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሮጬ ጠራሁት፤ ዱቄቱን ሳያራግፍ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ምሥጢር እንደተሰጠው ወታደር ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ዘንድ ከገባ የሚከፍተው የለም፣ እትዬ» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ አክስቴ። ሲናገሩ ግን ያን ያህል ደስ ያላቸው አይመስሉም። «እስኪ አንተ ቀድመህ የጓሮውን በር ክፈት።»

ጋጋሪው ሲወጣ የፈላውን ውኃ ትሪው ላይ አፈሰሱ፣ ፎይሉን አሸጉ። ከማንቆርቆሪያው ደግሞ አንድ ፔርሙዝ የፈላ ውኃ ሞልተው በክንዴ ሥር ወተፉልኝ። አንድ ሹካ በፎጣ ጠቅልለው ኪሴ ከተቱ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉና አንድ የደቂቃ ቁጥር ነገሩኝ።

«በዚህ ደቂቃ ላይ ትከፍተዋለህ።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለህ? ሩዙን ነዋ። የዳሩን በሹካ ወደ መሀል ታመጣለህ፣ የመሀሉን ወደ ዳር። አራቱ ጥግ ላይ ከፔርሙዙ ጠብ ጠብ ታደርጋለህ። መልሰህ ታሽገዋለህ።»

«አክስቴ፣ አይከፈትም አይደል እንዴ?»

«አይከፈትም። አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ማንቆርቆሪያውን አየሁት። የስንት ዓመት ሻይ በዓይኔ ፊት ተነነ።

«ሆስፒታል የገባሁ ሰሞን» አሉ፣ ፎጣቸውን እያጠፉ፣ «ዋናዋ ምግብ አብሳይ አይከፈትም ብላ ጥላኝ ወጣች። ስልሳ በሽተኛ ይጠብቃል። ፈራሁ። ከፈትኩት። ጠርዙ ደርቆ አገኘሁት፣ ውኃ ጠብ አደረግኩለት። ስትመጣ ቀምሳ፣ እንዲህ ነው የታዘዙትን መጠበቅ ብላ በሰው ፊት አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴን ቀይሬው አላውቅም።»

«ታዲያ ለሰው ለምን አይነግሩም? ነርሷ እኮ ስድስት ጊዜ...»

«አንዴ አይከፈትም ብዬ ነበራ» አሉ። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «ሂድ አሁን። እኔ ከዚህ ንቅንቅ ካልኩ ይታወቃል።»

ስወጣ ባዶውን ኦቭን ሲያበሩት አየሁ። ቀዩ መብራት በራ።

ደቂቃዋን እዚህ አልጽፋትም። ሌላውን ሁሉ ጽፌ እሷን ማስቀረቴ ለአክስቴ ያለኝ ታማኝነት ነው፤ ይሄ ምን ታማኝነት ነው ብትሉም የቀረችኝ ያቺው ብቻ ናት።

ትሪውን እኔና ጋጋሪው ውኃው እንዳይፈስ ሕመምተኛ እንደያዘ ሰው እየተራመድን ወሰድነው። ወደ ምድጃው ገባ። እጀታዎቹ በሩን አልፈው ሲገቡ ጋጋሪው «እፎይ» አለ። ከዚያ ረጅሙን እንጨት ይዞ በሩ ፊት ቆመ።

ከእነዚያ ደቂቃዎች በፊት ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቦታ ግን እንዲህ ሊያስፈራ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ። ጋጋሪው ፔርሙዙን ያያል።

«ሻይ ነው?»

«ሻይ ነው» አልኩ። አፌ ከዘመዶቼ የወረሰውን ነው የተናገረው።

ሁለት ብርጭቆ አመጣ። አጠበ። አስቀመጠ። «ቅዳልና።»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና? ፔርሙዝ ውስጥ ያለ ሻይ ምን ይጠብቃል?»

«ይረፍ፣ ጋሼ። አክስቴ ሻይም ቶሎ ሲከፈት አይወዱም።»

ጋጋሪው ይህን አሰበበት። «ልክ ናቸው» አለና ብርጭቆዎቹን ገልብጦ አስቀመጣቸው።

አራት ደቂቃ ቀረኝ። ደንበኛ መጥቶ ጋጋሪውን እንዲወስድልኝ ተመኘሁ፤ እሁድ ነው፣ ዳቦ አልቋል፣ ማንም አልመጣም። ሁለት ደቂቃ ቀረኝ። ተነሥቼ ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። እንጨቱ ደረቴ ላይ መጣ።

«ወዴት ነው?»

«ልሸተው ብዬ ነው።»

«ከዚያው ሆነህ አሽትት። የሰው አደራ ነው፤ እትዬ ምን ይሉኛል?»

የዚህ ሰው ታማኝነት የሃያ ስምንት ሰው ምሳ ሊገድል አንድ ደቂቃ ቀረው። ያን ጊዜ የአክስቴ ሌላው ሕግ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ሩዝ ሰው ሲያየው ያፍራል። ሲጋመስ ከክፍሉ ውጡለት ብለዋል።»

ጋጋሪው እንጨቱን ወዲያው ዝቅ አደረገ። ኮፍያውን ሳይቀር አወለቀ። በሩ ጋ ደርሶ ግን ዘወር አለ። «አንተስ?»

«እኔ ዘመድ ነኝ።»

አሳማኝ ሆኖ አገኘው። ወጣ።

ምድጃውን ከፈትኩ። ፎይሉን ከአንድ ጥግ ገለጥኩ፤ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። ልክ እንዳሉት ነው፤ ጠርዙ ላይ ሩዙ ነጭና ደረቅ፣ መሀሉ ላይ ኩሬ። በሹካው ከዳር ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ዳር አደረግኩ። አራቱ ጥግ ላይ ከፔርሙዙ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ሁለት ጣቴ ተቃጠለ፣ አልጮህኩም። አሽጌ ዘጋሁ። ከዚያ ተመልሼ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጥኩና ሹካውን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። እንዲህ ያለ ልብ ምት መጽሐፍ ሲነበብ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጋጋሪው ሲገባ አየሩን አሸተተ። «አልተከፈተም አይደል?»

«አይከፈትም» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ አልነበረም።

ሩዙ ሲደርስ በአንሶላ ሸፍነን በጓሮ በኩል ይዘነው ተመለስን። የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ስንደርስ የጠበቃው ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ቆምን።

«እማዬ፣ ሽታ የለውም እኮ።»

«አዲስ ኦቭን ሽታውን ውስጡ ይይዛል። ውድ የሆነው በምን መሰለህ?»

«በመስታወቱ ሲታይ ደግሞ ባዶ ይመስላል።»

«እንፋሎት ነው። ዘወር በል፣ ያፍራል።»

«እሺ፣ ስታወጪው ግን ፎቶ ላንሣሽ። የመጀመሪያው ቀን ነው።»

«ፎጣ በእጄ ይዤ ፎቶ አልነሣም። ሄደህ እንግዶቹን አስቀምጥ፤ ነጠላ ጫማህ ደግሞ ወለሉን እያቆሸሸ ነው።»

«ነጠላ ጫማ አላደረግኩም እኮ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ጫማ አድርግ። ጠበቃ ባዶ እግሩን ይሄዳል?»

ሲወጣ ሰማን። ገባን፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍነው፣ ጋጋሪው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእሳቸው ጎንበስ ብሎ በመጣበት ተመለሰ። አክስቴ እኔን አላዩኝም፤ ፎይሉን ነው ያዩት። አንዱን ጥግ ገለጡ። አንድ ፍሬ ሩዝ በጣታቸው አንሥተው ቀመሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩት።

«ደቂቃዋ ላይ ነው?» አሉ።

«ደቂቃዋ ላይ።»

«ጣትህን ውኃ ንከረው» አሉ። ይህ ምስጋና መሆኑን ያወቅኩት ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው።

ምሳው ቀረበ። ሃያ ስምንት ሰው በላ፤ ሕፃናቱ ደገሙ፤ ጠበቃው ሦስተኛ ሰሃን ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣ። ፍርድ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሩዝ ሠርተሽ አታውቂም። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኦቭኑ ነው።»

 አክስቴ ለሠላሳ ዓመት ስማቸውን ያስጠራ ሩዝ በዚያች ደቂቃ አየር ሲያሞቅ ለዋለ ዕቃ ሲሰጥባቸው ሰሙ። ይቆጣሉ ብዬ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አሉ። «ኦቭኑ ነው።»

ጠበቃው ከእናቱ ጋር ተከራክሮ ሲረታ የመጀመሪያው ስለነበር ተደሰተ፤ ምሳው እንዳለ እንዲቀጥልም ወሰነ። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ወንበር ለመመለስ ቀረሁ። አክስቴ ማንቆርቆሪያውን ጥደው ነበር። ሲፉጭ አወረዱት፣ ሁለት ብርጭቆ ደረደሩ፣ ቅጠል ጨመሩ፣ ቀዱ። ሻይ ነበር። ሁለታችንም ጠጣነው፤ ስኳር ጨምረውበት ነበር፣ እኔ ስኳር እንደምወድ መቼ እንዳወቁ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አምስት የምሳ እሁዶች አልፈዋል። በየወሩ ባዶው ኦቭን ይበራል። ጠበቃው ለሥራ ባልደረቦቹ ስለ ኦቭኑ አውርቶ ሁለቱ ገዝተዋል። ጋጋሪው በየወሩ ሲጋመስ ኮፍያውን አውልቆ ይወጣል። እኔ የምባለው፣ ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው፣ በወር አንድ ቀን ሃያ ሰባት ሰው የሚጠብቀውን ነገር በክንዱ ሥር ይዞ በጓሮ ይሄዳል፤ መጽሐፉንም ቅዳሜ ቅዳሜ በጊዜ ይዘጋል። ትሪውን አንጥረኛ ዘንድ ወስደን እጀታዎቹን እንቁረጥ ብዬ አንዴ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አክስቴ እጀታዎቹን በፎጣ ወለወሏቸው። እኔም ሳስበው አልፈለግኩትም።

ባለፈው እሁድ ነርሷ ለምሳ ተጋብዛ ጎኔ ተቀመጠች። ጠጋ አለችና «አንተ ከእሳቸው አትለይም፤ እስኪ እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «ሰባተኛ ጊዜዬ ነው። መሀሉ አሁንም ጥሬ ነው። ምንድን ነው የጎደለኝ?»

ማዶ ሩዝ የሚያወጡት የአክስቴ ጭልፋ አየር ላይ ቆመ።

«ከፍተሽዋል» አልኳት።

«ኧረ በልጆቼ፣ አልከፈትኩም።»

«በልብሽ ከፍተሽዋል።»

ነርሷ አንገቷን ደፍታ አሰበችበት። ጭልፋው እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ትሪው ጥግ ወረደ፣ ቡናማውን ቀርሸም የሚለውን ጫፍ ፈልቅቆ አወጣ፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ መጣና እኔ ሰሃን ላይ አራገፈው።